የነገሥታት ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ

በእስጳንያ አገር በአራጎን አውራጃ ፉዌንዴቶዶስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ምድሯ ደረቅ፥ ዛፏም ጥቂት ነው። በዚያች መንደር በድንጋይ በተሠራ ቤት ውስጥ በ1746 ዓ.ም. በማርች ወር በ30ኛው ቀን ፍራንሲስኮ ጎያ ተወለደ። ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሆሴ ጎያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃና የሥዕል ክፈፍ በወርቅ እየለበጠ የሚኖር የእጅ ሥራ ሰው ነበረ። እናቱ ግራሲያ ከትንንሽ መኳንንት ወገን ነበረች፤ ነገር ግን ከመኳንንትነቱ የቀረላት ስሙ እንጂ ሀብቱ አልነበረም። ብላቴናው እንግዲህ በወርቅ ለባጭ ቤት አደገ፤ ከላይ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ፥ ከሥሩም ያለው ተራ እንጨት እንደ ሆነ ገና በልጅነቱ ሳያይ አልቀረም።

ቤተ ሰቡ በአውራጃው ዋና ከተማ በሳራጎሳ ይኖር ስለ ነበረ ጎያ በዚያ በሚገኘው የኤስኮላፒያውያን ካህናት ትምህርት ቤት ገባ። ይህን የካህናት ማኅበር ቀድሞ በሮማ ከተማ ያቆመው የአራጎን ተወላጅ የሆነው ካህን ሆሴ ካላሳንስ ነው። እርሱም የድሆች ልጆች ያለ ዋጋ ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ በር የከፈተ ሰው ነው። አንባቢው ይህን ስም ያስታውሰው፤ ጎያ በሽምግልናው ወደ እርሱ ይመለሳልና። በዚያ ትምህርት ቤት ማርቲን ሳፓቴር ከሚባል ልጅ ጋር ተወዳጀ። ወዳጅነታቸውም ሳፓቴር እስኪሞት ድረስ ጸንቶ ኖረ፤ ስለ ጎያ ጠባይ ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው የሚገኘው ለዚህ ባልንጀራው ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው።

ዕድሜው 14 ዓመት ያህል ሲሆን ሆሴ ሉሳን ለሚባል ሠዓሊ ደቀ መዝሙር ሆኖ አራት ዓመት ተማረ። መምህሩ የታተሙ ሥዕሎችን ያቀርብለታል፥ እርሱም መስመር በመስመር ይገለብጣል፤ ትምህርቱ ይኸው ነበረ። ከዚያ በኋላ በማድሪድ ያለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለወጣቶች ባወጣው ውድድር በ1763 ገብቶ ተሸነፈ። በ1766 ዳግመኛ ገባ፤ ዳግመኛም ተሸነፈ። ሌላው ቢሆን የአባቱን ሥራ ይዞ በተቀመጠ ነበር። ጎያ ግን በገዛ ገንዘቡ ወደ ኢጣልያ ተጓዘ፤ በዚያም የታላላቆቹን ሠዓሊዎች ሥራ እየተመለከተ ቈየ። በ1771 የፓርማ ከተማ አካዳሚ ባደረገው ውድድር አንደኛውን ሽልማት ባያገኝም ዳኞቹ ሥራውን አመሰገኑለት። ወደ ሳራጎሳም በተመለሰ ጊዜ የፒላር እመቤታችን ካቴድራል ኃላፊዎች ከመዘምራኑ ቦታ በላይ ያለውን ጣሪያ እንዲሥል ሰጡት። ይህ ዓይነት ሥዕል ኖራው ገና እርጥብ ሳለ የሚሠራ ነው፤ ኖራው ከደረቀ ቀለሙ አይገባምና ሠዓሊው ማመንታት አይችልም። ጎያ ፈጥኖ ማየትንና ፈጥኖ መሥራትን ከዚያ ጣሪያ ሥር ተማረ።

በ1773 የታወቀውን የቤተ መንግሥት ሠዓሊ የፍራንሲስኮ ባዩን እኅት ሆሴፋን አገባ። ከእርስዋም ልጆች ወለደ፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ግን ሐቪዬር የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። የሚስቱ ወንድም በማድሪድ ሥራ አገኘለትና በ1775 ወደዚያ ሄደ። ሥራውም የንጉሡ አዳራሾች ለሚሸለሙባቸው ከሱፍ ለሚሠሩ የግድግዳ መጋረጃዎች ምሳሌ የሚሆኑ ሥዕሎችን ማዘጋጀት ነበረ፤ ሠዓሊው በሸራ ላይ የሣለውን ሸማኔዎቹ ተመልክተው በሱፍ ይሠሩታል። ጎያ እንደዚህ ያሉ ሥዕሎች ከ60 በላይ ሠራ። በእነርሱም ውስጥ ጃንጥላ የተያዘላት ወጣት ሴት፥ ዓይናቸውን ሸፍነው የሚጫወቱ ወጣቶች፥ በበረዶ ነፋስ ውስጥ ተሸፋፍነው የሚሄዱ ገበሬዎች ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ለብቻው ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ እርሱም ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ የቆሰለ ግንበኛ ሁለት ባልንጀሮቹ ተሸክመውት ሲሄዱ የሚያሳየው ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ግንበኛው የሰከረ፥ ባልንጀሮቹም የሚስቁ ነበሩ፤ በኋላ ግን ጎያ ሳቁን አስወግዶ ሰውየውን ቊስለኛ አደረገው። ያ ሥዕል ለንጉሥ ልጅ መመገቢያ ቤት የታሰበ ነበረ።

በቤተ መንግሥቱ አዳራሾች የቀደመው ዘመን ታላቅ ሠዓሊ የቬላስኬስ ሥራዎች ተሰቅለው ነበርና፥ ጎያ በ1778 እነዚህን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ለማሳተም ፈቃድ አግኝቶ ዘወትር ይመለከታቸው ነበረ። ቬላስኬስ ንጉሥንም ሎሌንም በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ነበረ። ጎያም ከሕያዋን መምህራኑ ይልቅ ከዚህ ሙት መምህር ብዙ ተማረ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚህ በኋላ ሹመቱ በየጊዜው ከፍ እያለ ሄደ። በ1780 የዚያ ሁለት ጊዜ ያልተቀበለው አካዳሚ አባል ሆነ። በ1786 በካርሎስ ሣልሳይ ዘመን በዓመት 15,000 ሬያል እየተከፈለው የንጉሥ ሠዓሊ ተባለ። በ1789 ካርሎስ ራብዓይ በነገሠ ጊዜ የእልፍኝ ሠዓሊ አደረገው። የወርቅ ለባጩ ልጅ በዚህ እጅግ እንደ ተደሰተ ለሳፓቴር ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ይታያል። ሹመት የሚወድ፥ ገንዘቡን የሚቈጥር፥ ቢነኩት የሚቈጣ ሰው ነበረ። በሳራጎሳ ካቴድራል ሁለተኛ ሥራ በተሰጠው ጊዜ የሚስቱ ወንድም ሥራውን ሊያርምለት ቢሻ ከእርሱና ከካህናቱ ጋር ተጣልቶ ከተማውን በንዴት ጥሎ ወጣ። የንጉሥ ሠዓሊ ከሆነ በኋላም ባለ ሁለት መንኰራኵር ቀላል ሠረገላ ገዛ፤ ነገር ግን ገና ሲሞክረው ተገለበጠበትና ለጥቂት ተረፈ።

በ1792 መጨረሻ ጎያ በደቡብ እስጳንያ ሳለ ብርቱ ደዌ ያዘው። በካዲስ ከተማ በአንድ ነጋዴ ወዳጁ ቤት ለብዙ ወራት ተኛ፤ ራሱ ይዞርበት፥ ጆሮውም ይጮኽበት ነበረ፤ ለመራመድ እንኳ ተቸገረ። የደዌው ስም እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሞችን ያከራክራል። በ1793 ከአልጋው በተነሣ ጊዜ እግሩ ዳነ፥ ዓይኑም ዳነ፤ ጆሮው ግን ፈጽሞ ደንቁሮ ነበረ። ዕድሜው ያን ጊዜ 47 ነበረ፤ ከዚያም በኋላ 35 ዓመት የሰው ድምፅ ሳይሰማ ኖረ። ሰዎች በእጅ ምልክትና በጽሑፍ ያነጋግሩት ነበረ። የአካዳሚው የሥዕል ክፍል አለቃ ሆኖ ቢመረጥም የተማሪዎቹን ጥያቄ መስማት ስለማይችል በ1797 ሹመቱን ተወ።

በቤተ መንግሥት የሚኖር ሰው ብዙ ሥራው በጆሮው ነው፤ ውዳሴውንም ሐሜቱንም የሚቀበለው በጆሮው ነው። ለጎያ ይህ በር ተዘጋ። የቀረው ዓይኑ ነበረና ከንፈር ሲንቀሳቀስ ቃሉን ሳይሰማ ፊትን ብቻ ማየት ያዘ። ከደዌው ገና ሳያገግም በቆርቆሮ ላይ ትንንሽ ሥዕሎችን ሠርቶ ለአካዳሚው ላከ። እነዚህን ማንም አላዘዘውም። ከእነርሱም የመርከብ መሰበር፥ የቤት ቃጠሎ፥ እብዶች የታሰሩበት ግቢ ይገኛሉ። ሰው በሚያዘው ሥራ ውስጥ ያየውን ሁሉ ማስገባት እንዳልተቻለው፥ ስለዚህም ለገዛ ራሱ እንደ ሣላቸው ገልጦ ጻፈ።

በ1798 ንጉሡ በማድሪድ ዳር በወንዝ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የቅዱስ አንቶንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጕልላት እንዲሥል አዘዘው። በጕልላቱ ላይ የሣለው ታሪክ የሚከተለው ነው። የቅዱሱ አባት ሰው ገድለሃል ተብሎ በሐሰት በተከሰሰ ጊዜ ቅዱሱ የሞተውን ሰው ከመቃብር አስነሣውና ገዳዩ እርሱ እንዳልሆነ መሰከረ። ጎያ ይህን ተአምር በሰማይ ደመና መካከል አላደረገውም። በጕልላቱ ዙሪያ የብረት አጥር ሠራ፤ በአጥሩም ላይ የማድሪድን ሕዝብ አቆመ። አንዱ ተደግፎ ይመለከታል፥ ሌላው ወደ ጎን ዞሮ ያወራል፥ ልጆች አጥሩን ይወጣሉ። ከመላእክት በላይ ተራ ሰዎችን ማስቀመጡ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበረ፤ መላእክቱን ከበታች በግድግዳው ላይ አድርጓቸዋልና።

በሚቀጥለው ዓመት በ1799 ሎስ ካፕሪቾስ የተባሉ 80 የታተሙ ሥዕሎችን አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል፤ ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል፤ ከዚያም ሰሌዳው መዳብ በሚበላ ብርቱ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃው በተጫረው መስመር ብቻ እየገባ ይቈፍረዋል። ሰሙ ተጠርጎ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ በጉድጓዱ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀትም ተጭኖበት ሥዕሉ ይታተማል። በዚህ መንገድ አንድ ሥዕል ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ ጎያም የፈለገው ይህን ነበረ።

በእነዚህ ወረቀቶች የአገሩን ሞኝነት ገለጠ። አንድ አህያ መምህር ሆኖ ለአህያ ልጆች ፊደል ያስቈጥራል። አንዲት ያረጀች ሴት በመስታወት ፊት ተቀምጣ እንደ ልጃገረድ ትሸለማለች። ሁለት ድሆች እየተንገዳገዱ ሁለት ወፍራም አህዮችን በጀርባቸው ይሸከማሉ። እናት ልጆቿን በተሸፋፈነ ሰው ታስፈራራለች። ዳኛና መነኵሴ፥ ባለ ሀብትና ባለ መድኃኒት ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ሥዕሎቹ ጎያ ይኖርበት በነበረው መንገድ ሽቱና መጠጥ በሚሸጥበት ሱቅ ለገበያ ቀረቡ፤ ነገር ግን 27 ያህል ጥራዝ ብቻ ተሸጦ ሽያጩ ቆመ። ይህ ሥራ የሃይማኖት መርማሪዎቹን ሸንጎ እንደሚያስቈጣ ያልተረዳ አልነበረም። በ1803 ጎያ ሰሌዳዎቹንና ያልተሸጡትን ጥራዞች ለንጉሡ ሰጠ፤ ስለዚህም ለልጁ ለሐቪዬር የጡረታ ገንዘብ ተቈረጠለት። እንዲህ አድርጎ ሥራውንም ከእሳት አዳነ፥ ለልጁም እንጀራ አገኘ። ብልሃት ነው የሚሉት አሉ፤ ፍርሃት ነው የሚሉትም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ነው።

ካፕሪቾስ በወጡበት በዚያው ዓመት ንጉሡ ጎያን የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊዎች ሁሉ አለቃ አደረገው። ደመወዙም 50,000 ሬያል ሆነ። ከዚህ በላይ ለሠዓሊ ሹመት አልነበረም። በ1800 የንጉሡን ቤተ ሰብ በአንድ ሸራ ላይ እንዲሥል ታዘዘና ወደ አራንሁዌስ ቤተ መንግሥት ሄዶ እያንዳንዱን ለየብቻው አስቀምጦ ነደፈ። የተፈጸመው ሥዕል ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል። በመካከል ንግሥት ማርያ ሉዊዛ ሁለት ትንንሽ ልጆቿን ይዛ ቆማለች፤ ንጉሡ በቀኟ ሳይሆን ወደ ጎን ሆኖ በኒሻን የተሸፈነ ደረቱን ገልጦ ቆሟል። ወራሹ ፈርዲናንድ በሌላው ወገን ነው፤ በአጠገቡ ያለችው ሴት ግን ፊቷን አዙራለች፤ የወራሹ ሙሽራ ገና አልተመረጠችምና ፊት አልነበራትም። ከሁሉ በስተኋላ በጨለማው ውስጥ ጎያ ራሱ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ይመለከታል።

ሐሩ፥ ወርቁ፥ አልማዙ ያበራል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ያ ሁሉ ጌጥ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ፊቶቹ እንዳሉ ናቸው። የንጉሡ ፊት የዋህና ሐሳበ ቢስ ነው፤ ንግሥቲቱም ውበቷ አልፎ ትዕቢቷ ያልቀነሰ ሴት ናት። በኋላ ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች ጎያ ጌቶቹን ሊያፌዝባቸው እንዲህ አደረገ ብለው ጻፉ። ይህ ግን ትክክል አይመስልም። ነገሥታቱ ንድፉን አይተው ወድደውታል፤ ንግሥቲቱም ጎያ በሠራቸው በሌሎቹ መልኮቿ ደስ ተሰኝታ ነበረ። ጎያ አላፌዘም፤ ነገር ግን አልሸነገለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሃምሳ ሺህ ሬያል ጋር መሸንገል ለአንድ ሎሌ እጅግ ቀላል ነገር ነበረ።

ከዚያ በኋላ መከራው መጣ። በ1808 የናፖሊዮን ሠራዊት በወዳጅነት ስም እስጳንያ ገብቶ ሳለ ካርሎስ ራብዓይ ዘውዱን ለልጁ ለፈርዲናንድ ተወ። ናፖሊዮንም አባትና ልጅን ወደ ባዮን ከተማ ጠርቶ ሁለቱንም ከዘውዱ አወጣቸውና ወንድሙን ዮሴፍን በእስጳንያ ላይ አነገሠ። በሜይ 2 ቀን የማድሪድ ሕዝብ በቢላዋና በዱላ በፈረንሳይ ፈረሰኞች ላይ ተነሣ። በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ ፈረንሳውያን የያዟቸውን ሰዎች እየሰበሰቡ በጥይት ገደሏቸው። በዚያው ዓመት የሳራጎሳ ጠባቂ ጀኔራል ፓላፎክስ የተከበበችውን ከተማ ፍርስራሽ መጥቶ እንዲያይና እንዲሥል ጎያን ጠራው፤ እርሱም ሄደ፤ የልጅነት ከተማውን ፈርሳ አያት።

እዚህ ላይ የጎያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ሳይሸፍን ሊናገር ይገባዋል። ወደ ማድሪድ በተመለሰ ጊዜ ለባዕዱ ንጉሥ ለዮሴፍ የታማኝነት መሐላ ማለ። በ1810 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ወደ ፓሪስ የሚወሰዱ 50 የእስጳንያ ሥዕሎችን መረጠ። በ1811 የዮሴፍን ኒሻን ተቀበለ። በ1812 የእንግሊዙ ጀኔራል ዌሊንግቶን ማድሪድ በገባ ጊዜ የእርሱንም መልክ ሣለ። ፈርዲናንድ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ፈርዲናንድን ሣለ። የማድሪድ ከተማ ሸንጎ ያሠራው አንድ ሥዕል የዘመኑን ነገር ሁሉ ይዟል። በእርሱ ላይ ከተማይቱ በሴት ምሳሌ ሆና በእጇ ወደ አንድ ክብ ቦታ ታመለክታለች። በክቡ ውስጥ በመጀመሪያ የዮሴፍ መልክ ነበረ። ዮሴፍ ሲሸሽ መልኩ ተፍቆ ሕገ መንግሥት የሚል ቃል ተጻፈበት፤ ሲመለስ ዳግመኛ መልኩ ተሣለ፤ ሲሄድ ዳግመኛ ተፋቀ፤ ቀጥሎም የፈርዲናንድ መልክ ገባ። ጎያ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1872 ሁሉም ተደምስሶ የሜይ 2 ቀን መታሰቢያ ጽሕፈት ተተካ። የሴቲቱ እጅ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደዚያው ቦታ ነው።

ብዙ ሰዎች ያን ጊዜ እንደ ጎያ አደረጉ፤ እንጀራና ፍርሃት ያዟቸው። ጎያ ግን በቀን የንጉሡን ሥራ እየሠራ ለብቻው ሌላ ሥራ ይሠራ ነበረ። ከ1810 ጀምሮ ያየውንና የተነገረውን የጦርነት መከራ በመዳብ ላይ ይቀርጽ ጀመረ። መዳብ ከማጣቱ የተነሣ ቀድሞ የሠራባቸውን ሰሌዳዎች ቈርጦ በጀርባቸው ቀረጸ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚያሸንፍ ጀኔራል የለም፥ ባንዲራ የለም፥ መለከት የለም። የፈረንሳይ ወታደር ገበሬ ሲሰቅል ይታያል፤ ገበሬውም የያዘውን ወታደር በምሳር ሲቈርጥ ይታያል። የአገሩን ሰው ጭካኔ አልሸሸገም። ከዚያም በ1811ና በ1812 ማድሪድን የመታው ረሃብ ይመጣል፤ ብዙ ሺህ ሰው በየመንገዱ ወድቆ ያለቀበት ዘመን ነው። የደረቁ አካላት በጋሪ ይጫናሉ፤ ጠግቦ የሚያልፈው ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ሆሴፋም በ1812 ሞተች።

እነዚህን ሥዕሎች በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ አላወጣቸውም። የታተሙት በ1863 ነው፤ እርሱ ከሞተ 35 ዓመት ካለፈው በኋላ። ለመሸጥ ያልሆነ፥ ለመሾም ያልሆነ፥ ማንም እንዲያየው ያልተፈቀደ ሥራ ዓመታትን ሙሉ መሥራት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ሠራተኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

በ1814 ፈረንሳውያን ከወጡ በኋላ ጎያ የሕዝቡን ተጋድሎ በሥዕል ለማቆም ከመንግሥቱ እርዳታ ለመነና ሁለት ትልልቅ ሸራዎች ሠራ። ከሁለቱ ይልቅ የታወቀው የሜይ 3 ቀን ግድያ ነው። ሌሊት ነው፤ በምድር ላይ አንድ ትልቅ ፋኖስ በርቷል። በአንድ ወገን ወታደሮች ጠመንጃቸውን ደግነው በተርታ ቆመዋል፤ ጀርባቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም። በሌላው ወገን አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተራ ሠራተኛ ተንበርክኮ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቷል። ከሥሩ የወደቁት በደም ተነክረዋል፤ ከኋላው ተራቸውን የሚጠብቁት ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። የዚያ ሰው ስም አይታወቅም። ነገሥታትን በአልማዝ ያልሸነገለው እጅ የፋኖሱን ብርሃን ሁሉ ለዚህ ሰው ሰጠው።

ፈርዲናንድ ሳብዓይ በተመለሰ ጊዜ ሕገ መንግሥቱን ሻረ፥ የሃይማኖት መርማሪዎቹንም ሸንጎ መለሰ። ለዮሴፍ ያገለገሉ ሁሉ ተመረመሩ። ጎያም ተመረመረ፤ የዮሴፍን ኒሻን አጥልቆ እንዳልታየ ምስክር ቆመለትና በ1815 ነጻ ወጣ። ስለ አንድ የዕርቃን ሥዕልም በሸንጎው ተጠየቀ። ደመወዙና ማዕረጉ አልተወሰደበትም፤ ነገር ግን አዲሱ ንጉሥ ሌላ ሠዓሊ ይወድ ነበረ። ይህም ቪሴንቴ ሎፔስ ነው፤ እጁ የተጣራ፥ ሐሩን ሐር፥ ወርቁን ወርቅ አድርጎ የሚሥል፥ ባለ መልኩንም የማያስቀይም ሰው ነበረ። በ1815 እርሱም የሠዓሊዎች አለቃ ተባለ። ጎያ በማዕረጉ እንዳለ ተረሳ።

በ1819 በማድሪድ ያሉት የኤስኮላፒያውያን ካህናት ለቤተ ክርስቲያናቸው መሥራቻቸውን ሆሴ ካላሳንስን እንዲሥልላቸው ጎያን ለመኑት። የ73 ዓመቱ ሽማግሌ የልጅነቱን ትምህርት ቤት አባት በመጨረሻው ቍርባኑ ላይ ሣለው፤ አረጋዊው ካህን ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፍኖ ቅዱስ ቍርባን ይቀበላል፥ በዙሪያውም በጨለማው ውስጥ ተማሪዎቹ ልጆች ይመለከታሉ። ከተከፈለው ገንዘብም ከፊሉን ለካህናቱ መለሰላቸው። ገንዘቡን በጥብቅ የሚቈጥር ሰው ይህን ማድረጉ ሊታወስ ይገባል።

በዚያው ዓመት ከማድሪድ ውጭ በወንዙ ማዶ አንድ ቤት ገዛ። ቤቱ ቀድሞም የደንቆሮው ቤት ይባል ነበረ፤ የቀድሞው ባለቤት እንደ ጎያ መስማት የተሳነው ነበረና። በዚያ ዳግመኛ ታሞ ለሞት ደረሰ፤ ሐኪሙ አሪዬታ አዳነው። ጎያ በሽልማት ፈንታ በ1820 ሁለታቸውን በአንድ ሥዕል ላይ ሣለ፤ ራሱን ያለ ኀፍረት ገርጥቶ፥ አንሶላውን ጨብጦ፥ ሐኪሙ መድኃኒት ሲያጠጣው አሳየ፤ ከሥሩም ምስጋናውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ግድግዳ ላይ 14 ሥዕሎችን ሠራ፤ ከጥቁረታቸው የተነሣ ጥቁር ሥዕሎች ተባሉ። አንድ አረጋዊ አምላክ ልጁን ይበላል፤ ሁለት ሰዎች ጕልበታቸው ድረስ ሰምጠው በዱላ ይደባደባሉ፤ አንድ ውሻ ራሱን ብቻ አውጥቶ ወደ ባዶ ሰማይ ይመለከታል። ስም አላወጣላቸውም። ከ1874 ጀምሮ ወደ ሸራ ተዛወሩ፤ በ1881 ለእስጳንያ መንግሥት ተሰጡ።

በ1823 ፈርዲናንድ በፈረንሳይ ሠራዊት እርዳታ የተቃወሙትን መቅጣት በጀመረ ጊዜ ጎያ ፈራ። ለጥቂት ጊዜ በአንድ የአራጎን ካህን ቤት ተሸሸገ፤ በ1824 ለጤናው ወደ ፈረንሳይ ጠበል መሄድ እንዳለበት ተናግሮ ፈቃድ ለመነ። ወደ ጠበሉ ግን አልሄደም። ፓሪስን አይቶ የእስጳንያ ስደተኞች በሚኖሩባት በቦርዶ ከተማ ተቀመጠ። ዕድሜው 78 ነበረ፤ አይሰማም፥ የአገሩንም ቋንቋ አያውቅም። ይሁን እንጂ በዚያ በድንጋይ ላይ እየሣሉ ማተም በተባለው አዲስ ጥበብ በ1825 አራት የበሬ ግጥሚያ ሥዕሎችን አወጣ፤ ዓይኑ ስለ ደከመ በማጉያ መነጽር እየተረዳ ይሠራ ነበረ። ከእነዚያ ዓመታት አንድ ንድፍ ቀርቷል፤ ረጅም ጢም ያለው እጅግ ያረጀ ሰው በሁለት ምርኵዝ ተደግፎ ይሄዳል፥ በላዩም አሁንም እየተማረ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት አለ።

በ1826 ወደ ማድሪድ ተመልሶ ከሥራው በክብር እንዲሰናበት ለመነ። ንጉሡም 50,000 ሬያሉ ሳይጐድል ጡረታ እንዲሆነው ፈቀደ። በዚያን ጊዜ መልኩን እንዲሥል የታዘዘው በቦታው የተተካው ቪሴንቴ ሎፔስ ነበረ። ጎያ ብሩሽና የቀለም ገበታ በእጁ ይዞ በወንበር ላይ ተቀመጠለት፤ ፊቱ የተቈጣ ይመስላል፥ ዓይኖቹም ሠዓሊውን ይመረምሩታል። ሎፔስ ከሠራቸው መልኮች ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ ብዙዎች ይስማማሉ። እንደዚህ ባሉ ዓይኖች ፊት መሸንገል ያስቸግራል።

ጎያ በ1828 በአፕሪል 16 ቀን በ82 ዓመቱ በቦርዶ ሞተና በዚያው በአንድ እስጳንያዊ ወዳጁ መቃብር ተቀበረ። ከ60 ዓመት በኋላ በ1888 መቃብሩ በተከፈተ ጊዜ የሁለት ሰዎች አጥንት ተገኘ፤ ከሁለቱ የአንዱ ራስ አልነበረም። ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሁለቱም አጥንት በ1899 አብሮ ወደ ማድሪድ ተወሰደ፤ በ1919ም በወንዙ አጠገብ ወዳለችው የቅዱስ አንቶንዮስ ቤተ ክርስቲያን ገባ። አሁን የሚያርፈው ራሱ ከሣለው ጕልላት ሥር ነው፤ በላዩም የተገደለው ሰው ከመቃብር ተነሥቶ ይመሰክራል፥ የማድሪድም ሕዝብ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ወደ ታች ይመለከታል።